ዓርብ ዓርብ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ረሖቦት፣ ክፋር ግቢሮል፣ እስራኤል
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ እህት ልጅ ለሰይፉ፣ ጎንደር።

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጠይቀሃልና እንግዲህ ስማ። ሦስተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር እወጣለሁ። ሽንኩርቴንና ድንቼን ከገበያ ራሴ ተሸክሜ እገባለሁ። ሽሮዬን እሠራለሁ፣ ሸሚዜን እተኩሳለሁ፣ ቢላዬን እስላለሁ፤ የጎረቤቱንም ጭምር። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ብቻ ነው የተወኝ። ባለቤቴ ትሁን ካረፈች ወዲህ ሁለት ክረምት እንዲህ አድርጌ ችያለሁ። ስለዚህ «ጋሼ ብቻዎን ይችሉታል ወይ» ያልከው ነገር ሁለተኛ እንዳይደገም።

ጽሕፈቴ ቢከፋብህ አትፍረድብኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ። በስልክ ቢሆን ይቀለን ነበር ብለሃል። አይቀልም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንተም ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ሁለታችንም ምንም ሳንባባል እንዘጋለን። ወረቀት አይቆራረጥም። ሬቪታል የምትባል የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፤ ያንተንም ሥራ ቦታዋ አትማ ታመጣልኛለች። እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። የፈለግነውን እንጻፍ።

አሁን ወደ ነገሩ። የእናትህ የማንተገብሽ ዓይን እየጠበበ መሄዱን፣ ሐኪሙም ተስፋ አለመስጠቱን ጽፈሃል። «የእህቴን ፊት አንዴ አጥርቼ ልየው» ማለቷን ባነበብኩ ቀን ምሳ አልበላሁም። የልጄ የሚሪ የሠርግ ካሴት እኔ ዘንድ አለ። ቂርያት ዔቅሮን አዳራሽ ተከራይተን ደግሰን፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ምስሉ ጉም ነው። እናትህ በደህና ዓይኗም አትለየው። ሚሪና ባሏ ጊል ለሥራ በርሊን ሲገቡ ጊል ትልቁን ኮምፒውተሩን እኔ ዘንድ ትቶ ሄደ። ካሴቱን ገልብጦበታል፤ የደበዘዘ ፊልም የሚያጠራ ፕሮግራምም አለበት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ። አንተ የቪዲዮ ቤት ያለህ ሰው ፕሮግራሙን ታውቀዋለህ፤ ጠንካራ ማሽን ግን የለህም፣ መብራቱም ይሄድብሃል። እኔ ማሽኑ አለኝ፤ የማውቀው ነገር የለም።

ችግሩ ይኸውልህ። አዝራሩን ስጫን «ዘጠኝ ቀን» ይላል። እኔ ቤት ዘጠኝ ቀን የሚባል የለም። ዓርብ ፀሐይ ስታዘነብል እነቅለዋለሁ። ቅዳሜ ሲመሽ ስሰካው ከባዶ ይጀምራል። ጊል በሬቪታል ስልክ በምስል ደውሎ «አባ፣ ማሽኑ በራሱ ነው የሚሠራው፤ ረቢዎቹም ይፈቅዳሉ» አለ። ይፍቀዱ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ዓርብ ወናፉን አውልቆ ይሰቅላል፤ ፍሙን በአመድ አያዳፍነውም፣ ያጠፋዋል። በሬህም አይሥራ፣ አህያህም አይሥራ ይላል ኦሪት። ይኼ ኮምፒውተር ቤቴ ያድራል፣ መብራቴን ይበላል፤ እንግዲህ በሬዬ ነው። «ታዲያ ከዚህ ሆኜ በኢንተርኔት ገብቼ ልሥራው» አለ። ቤቴ በር አለው፣ በግድግዳ የሚገባ ሰው አልፈልግም አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ሥራው ከቅዳሜ ማታ እስከ ዓርብ ቀትር የሚገባበትን መላ ንገረኝ። ሰንበትን ሽረው እንዳትለኝ እንጂ የቀረውን ሁሉ አደርጋለሁ።

ተዘራ


ጎንደር፣ ፒያሳ
ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተዘራ፣

ደብዳቤዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ብቻዎን ይችሉታል ወይ ማለቴን ስትሰማ «አጠገቡ ብትሆን በጥፊ ያልስህ ነበር» ብላ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ጥፋቴን አምኜ ወደ ሥራው ገብቻለሁ።

ሰንበትዎን አልነካም። ፕሮግራሙ ፊልሙን እንደ አንድ ነገር አያየውም፤ ሥዕል በሥዕል እየነጠለ ነው የሚያጥበው፤ አንዲት ሰከንድ ብቻ ሃያ አምስት ሥዕል አላት። የሚዘገየው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ምስሉን ስንት እጥፍ እንዲያሳድግ እንደታዘዘ ይዩ። አራት ከሆነ ሁለት ያድርጉት፤ ለእኛ ቴሌቪዥን ይበቃል። ቀጥሎ በምን እንዲሠራ እንደተመረጠ ይታይ፤ በሥዕል ካርዱ፣ ምስል ለማቀናበር በተሠራው ክፍሉ፣ መሆን አለበት። ያለ እሱ ከሆነ ጉድጓድ በማንኪያ እንደመቆፈር ነው። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋ። ኃይል ቁጠባው ይጥፋ፤ አለዚያ እርስዎ ዞር ሲሉ ይተኛል። ከግድግዳ አርቀው ጎኑን ይክፈቱና አቧራውን ይጥረጉለት፤ ከጋለ እርምጃውን ራሱ ያዘገያል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሬቪታል ታንብብልዎ።

ከሁሉ በፊት ግን ሙሉውን አይስጡት። አሥር ሰከንድ ቆርጠው ይሞክሩ። ካማረ ይቀጥላሉ፤ ካላማረ የጠፋው አሥር ሰከንድ ነው።

እናቴ ደህና ናት። ስለ ዓይኗ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። እጅ ነስታለች።

ልጅዎ ሰይፉ


ረሖቦት
እሑድ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፉ፣

በአጭሩ የላክኸውም ደርሶኛል። ማራገቢያው ይጮኻል ወይ ላልከው፣ መዳፌን ጎኑ ላይ ሳደርግ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቴን ሳስጠጋ ይተነፍሳል። ጤነኛ ነው። ሲጨርስ ደወል ያሰማል ያልከው ግን ውሸት ነው። ፊቱ ቁጭ ብዬ ነው የጨረሰው፤ ምንም አላለም።

ያልከውን ሁሉ አድርገናል። ከውስጡ የወጣው አቧራ ድመት ያህላል። በአራት እጥፍ ነበር የታዘዘው፤ ወደ ሁለት አወረድነው። ሥዕል ካርዱም አልተመረጠም ነበር፤ ሬቪታል መረጠችው። ኃይል ቁጠባውን ሳላጠፋ አንድ ሌሊት አምኜው ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ እሱም ተኝቷል። እኔ ዕድሜዬ ነው፤ እሱ ምን አደከመው? አሁን አጥፍቼበታለሁ።

አሥር ሰከንዱን ሞከርኩ። ትሁን ሳህን ይዛ ከማድ ቤቱ በር ስትወጣ ያለችውን ነው የሰጠሁት። የወጣችው ግን ሌላ ሴት ናት። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ማሽኑ እድፍ መስሎት አጥቦታል። ጥርሷን ደርድሮ አንጥቶታል። ጉንጯን ልጎታል፣ እንደ ሳሙና። እንዲህ ያለች ሴት ቤቴ ገብታ አታውቅም። ሬቪታል «ቆንጆ ሆናለች» ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ትሁን ቆንጆ የነበረችው ማሽን ሳይወለድ ነው አልኳት። ንቅሳቱን የነቀሰቻት የእናትህም እናት ናት፣ ሁለቱን እህትማማቾች በአንድ ቀን። እናትህ ያን አጥታ ብታይ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ትላለች።

ጊዜው ወደ ስድስት ቀን ቀርቧል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን በአንድ ሰዓት ቢያልቅም አልወስደው። ሌላ መንገድ ፈልግ። እናትህ እየጠበቀች ነው፤ ቶሎ በል።

ስለ ጊል ጠይቀሃል። አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም።

ተዘራ


ረሖቦት
እሑድ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፉ፣

ደስ ይበልህ። ፕሮግራሙ ውስጥ ካሉት የማጠሪያ ሞዴሎች ቀላሉን ምረጥ ያልከው ሠራ። እንዳልከው የሌለውን አይፈጥርም፤ ያለውን ብቻ ይጠርጋል፤ ፈጣንም ነው። ንቅሳቷ በቦታው አለ። የጎደለው ጥርሷም አለ፤ ማለቴ ጉድለቱ አለ።

ሁሉንም አትስጠው፣ እሷ ያለችበትን ብቻ ቁረጥ ያልከውን ለመፈጸም ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር ተቀምጬ አየሁት። እንደዚህ አይቼው አላውቅም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ይበላል፣ ሰው ይጨፍራል፣ የጊል አጎቶች ወንበር ላይ ያወጡትን ሙሽራ ሊጥሉት ይደርሳሉ። ትሁን የለችም። በልጇ ሠርግ የት ሄደች ብዬ ተናደድኩ። በኋላ አንድ እጅ አየሁ፣ ሳህን የሚያስቀምጥ። አምባሩን አወቅሁት። ከዚያ ወዲያ ዘዴው ገባኝ፤ ሰዉን ትቼ ጠርዝ ጠርዙን ማየት ያዝኩ። እዚያ የነጠላዋ ጫፍ፣ እዚህ ጀርባዋ፣ ከሰው ትከሻ ኋላ ግማሽ ፊቷ። ለቃቅሜ ለቃቅሜ ሬቪታል ቆረጠችልኝ። ሙሽራዋን ከገዛ ሠርጓ አስወጥተናታል፤ ሚሪ እንዳትሰማ።

ፊቷ ሙሉ የሚታይበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። መጨረሻው አካባቢ፣ ላቧን እየጠረገች ወጥታ ካሜራው ፊት ቆመች። የድምፅ ማጉያውን ሰጧትና ተናገረች። ብዙ ተናገረች። እኔ በጠርዙ በኩል ቆሜአለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። ወደ እኔ ዞር ብላ አንድ ነገር አለች፤ እኔ አልዞርኩም። ከዚያ ሳቀች፣ እጇን አወናጨፈች፣ ሄደች። ምን እንደምትል አላውቅም። ያን ቦታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ለሥራው ስል ነው።

እንዲፈጥን ብዬ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ብልሃት አለ። «ድምፅ» የሚል ምልክት አለ፤ ድምፁ ይቅር፣ ምልክቱን አንሺው ብዬ ሬቪታልን አዘዝኳት። እርግጠኛ ነህ ወይ በሚል ዓይን አየችኝ፤ አንሺው አልኩ። ጫጫታ ነው፣ ለማሽኑ ሸክም ነው። እናትህ የጠየቀችው ፊት ነው።

ረቡዕ ጨረሰ። ዓርብን ቀደምኩት! ዓርብ ስነቅለው በሬዬ ሥራውን ጨርሶ ነው ያረፈው። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ሬቪታል በኢንተርኔት ልካልሃለች። ለማንተገብሽ ቴሌቪዥኑን ቅርብ አድርግላት። ያለችውን ቶሎ ጻፍልኝ።

ተዘራ


ረሖቦት
እሑድ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰይፉ፣

ዝም አልክ። ደርሶሃል ወይ? ሬቪታል ደርሶታል ብላ ሁለቱን ሰማያዊ ምልክት አሳየችኝ። ደርሶህ ከሆነ ምነው?

እናትህ ካልወደደችው ንገረኝ፤ መልሼ እሠራዋለሁ። በጣም ጠቁሮ ከሆነ ብርሃን የሚጨምር ቦታ እንዳለ አሁን አውቄአለሁ። ፊቷ ከራቀ ማቅረብም ይቻላል። እኔ ሥራ አልፈታሁም፣ ጊዜ አለኝ።

እዚህ ዝናብ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ከፈታ ወዲህ ክፍሉ ቀዝቅዟል። ለካ ያ ሁሉ ሳምንት እሱ ነበር ያሞቀኝ። ትናንት ሲመሽ ያለ ሥራ አስነስቼው መዳፌን ጎኑ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሥራ ከሌለው ግን አይሞቅም። አጠፋሁት።

በሩ ሳይቆለፍ ይውላል ወይ ብለህ ቀደም ሲል ለጠየቅኸኝ፣ አዎ ሳልቆልፍ ነው የምውለው። ሬቪታል እንዳትንገላታ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ቶሎ ጻፍ።

ተዘራ


ጎንደር
ሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተዘራ፣

ዝም ያልኩት ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ይቅር እንዲሉኝ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።

የእናቴ ዓይን ጠፍቷል። የመጀመሪያ ደብዳቤዎ ሲደርስ ገና ጥላ ታይ ነበር፤ ሁለተኛው ሲደርስ እሱም አልነበረም። ልጽፍልዎ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከለከለችኝ። «ተዘራ ሥራ ይዟል፤ አታስጥለው። እሱ እጁ ሲፈታ ነው የሚታመመው» አለችኝ። እኔም ስለ ማራገቢያውና ስለ ሞዴሉ እየጻፍኩልዎ ቀጠልኩ።

ፊልሙ የደረሰ ቀን የበዓል ነጠላዋን ለብሳ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። እኔ አየሁላት። «አሁን በበሩ ወጣች፣ ሳህን ይዛለች፣ ንቅሳቷ ይታያል» እያልኩ ነገርኳት። ጋሼ፣ ሥራዎ እጅግ ያማረ ነው፤ በሙያዬ ነው የምናገረው። እሷ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ቆይታ ቆይታ «እስኪ ክፈተዋ» አለችኝ። ተከፍቷል እማዬ አልኳት። «ታዲያ ትሁን የታለች?» አለች።

ድምፁን እንዳስቀሩት ጽፈውልኝ ነበር፤ ልብ ሳልል አልፌው ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው። ድምፅ ለማሽኑ ሸክም አይደለም፤ ጊዜውንም አያረዝመው። አሁንም ማሽን አያስፈልገንም። ጊል የገለበጠው ዋናው ፋይል ላይ ድምፁ አለ። እሷ የምትናገርበት ቦታ ላይ ከፍታችሁ ሬቪታል ስልኳን የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ጋ ትያዝ። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ስድስት ቀንም፣ አንድ ቀንም አይፈልግም።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቦታ ደጋግመው አይተውት፣ አክስቴ የምትለውን አላውቅም ብለውኛል። እንዴት?

ልጅዎ ሰይፉ


ረሖቦት
እሑድ፣ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰይፉ፣

ተቆጥቼ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ተቆጥቼ፣ ቅዳሜ አርፌ፣ ዛሬ ልቀጥል ስል ደከመኝ። ዓይኗ ጠፍቶ እኔን ሥራ ታስይዘኛለች! ድሮም እንዲህ ናት። ትሁንን ሳገባም «በቅሎውን ውሃ አጠጣልኝ» ብላ ከሰዉ ፊት ያሸሸችኝ እሷ ናት፣ መደንገጤን አይታ።

ያልከውን አድርገናል። ሬቪታል ስልኳን ይዛ ቆመች። እኔ ትሁንን አየሁ። አፏ ተንቀሳቀሰ። ሬቪታል መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ በእጇ አፏን ያዘች። ዞራ አየችኝና አንድ ነገር አለችኝ። ቤሰደር አልኳት፤ በዚህ አገር እሺ ማለት ነው። ቤሰደር ለማንኛውም ጥያቄ ይሆናል፤ ስንት ዓመት ከስንቱ አውጥቶኛል። አሁን ግን አላወጣኝም፤ ትከሻዬን ያዘችና መልሳ ቀስ ብላ ተናገረች፣ ከንፈሯን እያሳየች። «ሰማሃት?» ነው ያለችው።

ወደ ቤትሽ ሂጂ አልኳት። ክፉ አነጋገር ተናገርኳት። ሄደች።

ሰይፉ፣ የሚቆራረጠው መስመሩ አይደለም።

ለማንም አልተናገርኩም። አንተም ለማንም አትናገር፤ ለእናትህ ብቻ ንገራት። እሷ ድሮ ሳታውቀው አትቀርም።

ድምፁ ደርሶህ ከሆነ፣ እናትህ ሰምታ ከሆነ፣ ትሁን ያለችውን በወረቀት አድርግልኝ። አታሳምርላት። እንደ ማሽኑ ጥርሷን እንዳትደረድር። እንዳለችው ጻፈው።

ተዘራ


ጎንደር
ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተዘራ፣

እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችው። መልሼ እንዳጫውተው በእጇ ምልክት እየሰጠችኝ ስንት ጊዜ እንደሰማችው አላውቅም። ከዚያ «ጻፍ፣ እኔ ነኝ የምልህ» አለች። አክስቴ ስትናገር እናቴ እየተቀበለች፣ እኔ እየጻፍኩ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

«ማንቴ፣ ታይኛለሽ? ይኼ ሰውዬ ለጎንደር ሰላምታ ላኪ ብሎኝ ነው። እስካሁን ጉርሻ አልቀመስኩም፤ እግሬ ይኼን አክሏል። ይኼን የለበስኩትን ሚሪ ናት የገዛችልኝ፤ ወገቤን ይዞኛል፤ አንቺ ግን አምሮብሻል በይ። እልልታውን ብቻዬን ያዝኩት፤ አንቺ ብትኖሪ ለሁለት እንካፈለው ነበር፤ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ተዘራ ያውልሽ፣ እዚያ ቆሟል። ጨፍር ቢሉት እምቢ አለ። ሰዉ ኩራት ይመስለዋል፤ ጫማው ጠቦት ነው፤ ጠበበኝ አይልም። ማንቴ፣ የእናታችን መቃብር ድንጋዩ ተንሸራቷል ማለትሽን ሰምቼ አልተኛሁም። እንመጣለን። ተዘራ ይዞኝ ይመጣል፣ እሱ ነው የሚክበው፣ ድንጋይ መካብ ያውቅበታል። አይደለም እንዴ ተዘራ? ተዘራ! ትወስደኝ የለም እንዴ? … አየሽው፣ ፊቱን እንኳ አላዞረም። ተይው፣ ይመጣል። እሱ ሳይመልስ ነው የሚያደርገው። በይ ደህና ሁኚ፣ ሳህኑ በረደ።»

እዚህ ላይ ያበቃል። እናቴ ከጨረስን በኋላ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ «ድምፅዋን ሰማሁ፤ ፊቷን ተዘራ ይይልኝ» አለች። መቃብሩን ባለፈው ዓመት ሄጄ አይቼዋለሁ። ድንጋዩ ዛሬም እንደወደቀ ነው። አስጠግነዋለሁ ብላት እናቴ እሺ አላለችም።

ልጅዎ ሰይፉ


ረሖቦት
እሑድ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፉ፣

ደብዳቤህን ኮምፒውተሩ ፊት ይዤው ተቀመጥኩ። ፊልሙን ከፈትኩ፤ ወረቀቱን በጣቴ እየተከተልኩ አፏን አየሁ። «ማንቴ» ስትል ከንፈሯ ይገጥማል። «እግሬ ይኼን አክሏል» ስትል ወደ ታች ታሳያለች፤ እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ወለሉን የምታሳይ ነበር የመሰለኝ። እኔ ፊደል ስለምዘገይ እሷ ትቀድመኛለች። አቁሜ፣ መልሼ፣ እንደገና። ሰንበት እስኪገባ ድረስ በዚህ ከረምኩ። አሁን ሁሉን ቦታ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስትናገር አብሬ እናገራለሁ።

ጫማው ጠቦኝ ነበር። እውነቷን ነው። ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ አልተናገርኩም።

እንደምን ነዎት፣ ይጠንቀቁ፣ ሰው ይርዳዎ ብለህ ጽፈሃል። ሰላም ነኝ። ማንተገብሽን ጉልበቷን ስሜአለሁ በላት። ይኸው ጨረስኩ፤

ተዘራ።

ስሜን ጽፌ ካቆምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዕዳዬን ሳልቆጥር ነው የፈረምኩት። የገንዘብ አይደለም፤ የገንዘብ የለብኝም። እነዚህን ማንም እንዳይከፍልልኝ፣ አንተም በመሀል እንዳትገባ።

የሬቪታል አለ። በሯ ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል፤ ማጠፊያውን እኔ አስተካክላለሁ። ይቅርታውን ደግሞ በሩን እየሠራሁ እላታለሁ፣ ጀርባዬን ሳልሰጥ።

የጊል አለ። እሱን ራሴ እደውልለታለሁ። በግድግዳ አትገባም ማለቴን አላነሳም፤ ሰንበቱንም አላነሳም። ግን ማሽንህ ጎበዝ ነው፣ ክረምቱን አሞቀኝ እለዋለሁ። የሚለኝን ባልሰማም አልዘጋም።

የሚሪ አለ። ከሠርጓ አውጥቻታለሁ። ሙሉውን ካሴት፣ ሙሽራዋን ከነድምፁ፣ ስድስት ስድስት ቀን እየከፈልኩ አጠራላታለሁ። ዓርብ ዓርብ እነቅለዋለሁ፤ የፈጀውን ይፍጅ። አሁን የሚያስቸኩለን የለም።

የእናትህ አለ። ከፋሲካችን በኋላ እመጣለሁ። ሰው እንዳትቀጥር፣ ድንጋይም እንዳታቀርብልኝ፤ እኔ እመርጣለሁ፣ እኔ እክባለሁ። እሷ አጠገቤ ትቀመጥና በመዳፏ እየዳሰሰች ጠማማ ነው ቀና ነው ትበለኝ። ስትናገርም በግራዬ በኩል ሆና ይሁን፤ ያ ጆሮ ይሻላል።

የጆሮዬም አለ። ረቡዕ ኩፓት ሆሊም በሚባለው የጤና መድን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። መስሚያ ያደርጉልኛል። ሬቪታል ልውሰድህ ብላ ነበር፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።

የመጨረሻው የትሁን ነው። ጠይቃኝ ፊቴን አላዞርኩም። መልሱን አንተ ታውቀዋለህ፣ እናትህም ታውቀዋለች፤ በወረቀት ግን አልልከውም። መስሚያውን አድርጌ እዚያች ቦታ ላይ እከፍታለሁ፤ ጥያቄዋን በጆሮዬ ሰምቼ፣ በራሴ አፍ እመልስላታለሁ።